ለሀበሻ ቀሚስ ፎቶ የትኛውን ስቱዲዮ ልከራይ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ እያሠራሁ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ በመሆናቸው ልብሱን የሚመርጡት በፎቶ ነው። እስካሁን ግቢዬ ውስጥ ጥላ ላይ ስናነሳ ነጩ ሰማያዊ እየመሰለ፣ የጥለቱም ቀለም እየተለወጠ ‹ያየሁት አረንጓዴና የደረሰኝ አንድ አይደለም› የሚል ቅሬታ መጣብኝ። አሁን 25 ልብስ ለማስነሳት ስቱዲዮ ልከራይ ነው። የመጀመሪያው 4 በ5 ሜትር ክፍል ሲሆን እያንዳንዳቸው 200 ዋት የሆኑ ሦስት የኤልኢዲ መብራቶች አሉት፤ በሰዓት ይከራያል፤ ሠራተኛ የለውም። ሁለተኛው 7 በ10 ሜትር ነው፤ ባለ 400 ሁለት ፍላሾች፣ ጀነሬተርና አንድ የመብራት ረዳት አለው፤ ነገር ግን ከግማሽ ቀን በታች አያከራይም፤ በመጀመሪያው ለሦስት ሰዓት ከምከፍለውም በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይወደዳል። የሚያነሳልኝ የወንድሜ ልጅ ነው፤ የጀማሪ ካኖን ካሜራ አለው። 600 ዋት ያለውን ይዤ በሦስት ሰዓት ብጨርስ አይሻለኝም?»

ምላሽ፦ አይሻልዎትም። ሁለተኛውን ይከራዩ፤ በግማሽ ቀኑም ከ12 ልብስ በላይ አያቅዱ። ምክንያቱን ከዋቱ ልጀምር፤ ውሳኔዎን ያዛባው እሱ ነውና።

የኤልኢዲ መብራት «200 ዋት» ሲባል በየሰከንዱ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይነግረናል። የስቱዲዮ ፍላሽ «400» ሲባል ግን መለኪያው ዋት ሰከንድ ነው፤ ይህም ፍላሹ አጠራቅሞ በአንድ ብልጭታ የሚለቀው የኃይል መጠን ነው። ሁለቱን ማወዳደር የቧንቧን ፍሰት ከሮቶ ይዞታ ጋር እንደማወዳደር ነው። ካሜራው በ1/160 ሰከንድ ሲያነሳ ባለ 200 ዋቱ ኤልኢዲ በዚያች ቅጽበት የሚጠቀመው ኃይል ከ1 ዋት ሰከንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 4 አይሞሉም። ፍላሹ በዚያው ቅጽበት እስከ 400 ይለቃል። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን በመለወጥ ከፍላሽ የተሻለ መሆኑን ብንቆጥርለት እንኳ ልዩነቱ የሚቀራረብ አይደለም። ስለዚህ «600 ዋት» ያሉት ስቱዲዮ ለፎቶ ሥራ ደካማው ነው።

ይህ ማለት ኤልኢዲ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለቪዲዮ የግድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ የአንገት ጌጥም ካሜራው በስታንድ ቆሞ ረጅም ጊዜ ወስዶ ማንሳት ስለሚችል በደንብ ይሠራል። ጥላው የት እንደሚያርፍ ከማንሳት በፊት በዓይን መታየቱም ለጀማሪ ትልቅ እገዛ ነው። የእርስዎ ሥራ ግን ሰው የለበሰው፣ የሚንቀሳቀስ፣ ስስ ጥጥ ነው። ብርሃኑ ሲያንስ የወንድምዎ ልጅ ከሦስት አንዱን ለማድረግ ይገደዳል። ሌንሱን አብዝቶ ከከፈተ የሞዴሏ ፊት ጠርቶ የነጠላው ጫፍ ይደበዝዛል፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን የስሜት መጠን) ካሳደገ የሸማው ክር በምስል ጉድፍ ይዋጣል፤ ፍጥነቱን ከቀነሰ ሞዴሏ ዘወር ባለች ቁጥር ጥለቱ ይዘባረቃል። ሦስቱም የሚጎዱት ደንበኛዎ አጉልታ የምታየውን ቦታ ነው።

ከዋቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የክፍሉ ስፋት ነው፤ ይህንንም በቁጥር ማየት ይሻላል። የጀማሪ ካኖን ካሜራዎች የምስል መቀበያ አነስተኛ ነው። ከራስ እስከ እግር፣ ከላይና ከታች ትንሽ ክፍት ቦታ ጨምሮ፣ 2.2 ሜትር የሚሆን ቁመት በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመያዝ አንሺው ከሞዴሏ ወደ 5 ሜትር መራቅ አለበት። ሞዴሏ ጥላዋ ከኋላ እንዳያርፍ ከባክግራውንዱ 1 ሜትር ተኩል ወይም 2 ሜትር ትርቃለች፤ አንሺው ራሱ የሚቆምበትም 1 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። በ5 ሜትር ክፍል ውስጥ ግን የሚተርፈው 2 ሜትር ተኩል ስለሆነ ሌንሱን ወደ 24 ሚሊ ሜትር ማስፋት ግድ ይሆናል። በዚህ ርቀት ደረት ትይዩ ሆኖ ሲያነሳ የቀሚሱ የታችኛው ክፍል ወደ ዳር ይለጠጣል፤ ዝቅ ብሎ ሲያነሳ ደግሞ ጭንቅላቷ ያንሳል። ቀሚሱ ያልተሰፋበትን ቅርጽ ይይዛል ማለት ነው። ይህን በኋላ በኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ማረም አይቻልም።

ጠባብ ክፍል ሌላም ችግር አለው፤ ለሀበሻ ቀሚስ ደግሞ ዋነኛው ይኸኛው ነው። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ሶፍት ቦክሱ (መብራቱ ላይ የሚገጠመው ብርሃን ማለስለሻ ሳጥን) ከፊቷ በ1 ሜትር ርቀት፣ በፊቷ ከፍታ ቢቆም፣ ከፊቷ በ1 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቀሚሱ ጥለት የሚያገኘው ብርሃን ፊቷ ከሚያገኘው ሲሶ አይሞላም። ፊቷ ሲበራ ጥለቱ ይጨልማል። ያንኑ መብራት ወደ 2 ሜትር ተኩል ብታርቁት ግን ጥለቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ያገኛል፤ ይህም ለዓይን እኩል ነው ማለት ይቻላል። መብራቱን ከ1 ወደ 2 ሜትር ተኩል ማራቅ ደግሞ በፊቷ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። ትልቅ ክፍልና ጠንካራ ፍላሽ አብረው የሚፈለጉት ለዚህ ነው። በ4 ሜትር ወርድ ውስጥ ሶፍት ቦክሱ ራሱ የሚይዘው ቦታና የሞዴሏ መቆሚያ ሲቀነስ መብራቱን ወደ ጎን የሚያርቁበት ስፍራ አይኖርዎትም። ሸማኔው ቀናት የፈጀበት የጥለት ሥራ ከታች ጨለማ ውስጥ ቀርቶ ያየሁባቸው ፎቶዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካሜራ ሳይሆን የመብራቱ ቅርበት ነው።

ወደ ነጩ ልለፍ። ካሜራ በአውቶማቲክ ሲያነሳ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ፍሬሙን የሞላው ነጭ ቀሚስ ከሆነ አጨልሞ አመድማ ያደርገዋል። መፍትሔው በእጅ ማስተካከል ነው፤ ለመነሻ ያህል 1/160 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ መክፈቻ ኤፍ 8 ይሁንና የፍላሹ ጉልበት ከዚያ ይስተካከል። በካሜራው ላይ ብርሃን የበዛበትን ቦታ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ያብሩት። ከወርቅማው ክር ላይ ጥቂት ነጥብ ብልጭ ቢል ምንም አይደል፤ ሸማው ላይ ብልጭ ካለ ግን በዚያ ቦታ ክሩ ጠፍቷል፤ የፍላሹን ጉልበት ይቀንሱ።

የክሩ ሽመና እንዲታይ መብራቱ ከፊት ለፊት መምጣት የለበትም። ዋናው ሶፍት ቦክስ ወርዱ 120 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከጎን በ45 ዲግሪ፣ ከዓይኗ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ፍላሽ በሌላው ጎን እኩል አድርጎ በማቆም ነው፤ ያኔ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጥላ ያጠፋሉ፤ ሸማውም እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናል። በሌላው ጎን ነጭ ሰሌዳ ወይም ሪፍሌክተር ብቻ ያቁሙ፤ ሁለተኛው ፍላሽ ባክግራውንዱን ያብራ። የጥለቱን ቅርብ ፎቶ ሲያነሱ ደግሞ ዋናውን መብራት ይበልጥ ወደ ጎን ይግፉት፤ ብርሃኑ ጨርቁን ታክኮ ሲያልፍ እያንዳንዱ የጥበብ ክር ከሸማው ከፍ ብሎ የራሱን ቀጭን ጥላ ሲጥል ያያሉ። አንድ ነጠላ በስታንድ ላይ ዘርግታችሁ መብራቱን ከፊት ወደ ጎን እያዞራችሁ አምስት ፎቶ ብታነሱ ልዩነቱ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ግልጽ ይሆንላችኋል።

ባክግራውንዱ ነጭ እንዲሆን አልመክርም። ነጭ ነጠላ በነጭ ወረቀት ፊት ጠርዙ ይጠፋል፤ ጠርዙን ለማትረፍ የሚደረገው ጥረትም ለጀማሪ አድካሚ ነው። ቀላል ግራጫ ወረቀት እንዳላቸው ይጠይቁ። ከሌላቸው ነጩን ወረቀት ያለ ሁለተኛው ፍላሽ ይጠቀሙበት፤ ሞዴሏ 2 ሜትር ከራቀችው በራሱ ወደ ግራጫ ይወርዳል። የተለመደው ጥቅል ወረቀት ወርዱ 2.72 ሜትር ስለሆነ ቀሚሱ በደንብ ይገባበታል፤ ነጠላውን በሁለት እጇ ዘርግታ መቆም ከፈለገች ግን ሊያጥር ይችላል።

ግቢዎ ውስጥ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላው ጥላ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማዩ የሚወርድ ስለሆነ ነው። አረንጓዴው የተለወጠውም ካሜራው ያንን ሰማያዊ በራሱ ለማካካስ ሲሞክር፣ በዚያ ላይ የሣሩና የግድግዳው ነጸብራቅ ሲጨመርበት ሊሆን ይችላል። በስቱዲዮ ውስጥ ፍላሹ ወደ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የቀረበ ቋሚ ቀለም ስላለው ይህ ችግር ይወገዳል፤ ግን በሁኔታ ነው። የጣሪያው መብራት ይጥፋ፤ መስኮቱ ይጋረድ፤ ከጎን ያለው ግድግዳ ቀለም የተቀባ ከሆነም በነጭ ወይም በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን። መብራቱ ተስተካክሎ ሲያበቃ ሞዴሏ ግራጫ ካርድ ይዛ አንድ ፎቶ ትነሳ፤ የኋይት ባላንሱ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) ልክ ከዚያ ይወሰዳል። መብራቱ በተነቀነቀ ቁጥር ይህ ይደገም። ፎቶው ሁሉ «ራው» በሚባለው፣ ካሜራው ያየውን ሳያርም በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት ይነሳ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል፤ የፋብሪካ ክር ግን ብዙ ጊዜ ማንጫ ስለሚገባበት በፍላሽ ሥር ሰማያዊ ነጸብራቅ ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን ነጮች በኮምፒውተር አንድ ዓይነት ለማድረግ አይሞክሩ፤ ፈትል ለብሳ የምታውቅ ደንበኛ ያንን ክሬምነት ነው የምትፈልገው። የተሟላ ሥራ ቢሠራም እንኳ የደንበኛዎ ስልክ ቀለሙን በራሱ መንገድ ያሳያል፤ ይህን ማንም ስቱዲዮ አያስተካክልልዎትም። በጽሑፉ ላይ የጥለቱን ቀለም ዘርዝሮ መግለጽና ለጠየቀች ደንበኛ የክሩን ፎቶ በቀን ብርሃን ከእጅ መዳፍ ጋር አንስቶ መላክ ቅሬታውን ይቀንሰዋል።

25 ልብስ በሦስት ሰዓት የሚለው ሒሳብ አይሠራም። ኪራዩ የሚቆጠረው በሩን ከገቡበት ሰዓት እስከሚወጡበት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቢከራዩ 240 ደቂቃ ያገኛሉ። መብራት ማቆምና ባክግራውንድ መዘርጋት 45 ደቂቃ፣ የቀለምና የብርሃን ሙከራ 15፣ ዕቃ መሰብሰብና ማስረከብ 30 ይወስዳል። የሚተርፈው 150 ደቂቃ ነው። አንድ የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ፣ መቀነቱን አስሮ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎንና ከጥለቱ ቅርብ ፎቶ ለማንሳት 12 ደቂቃ ቢበቃ ጥሩ ነው። 12 ልብስ ያልኩት ከዚህ በመነሳት ነው። ሙሉ ቀን ተከራይቶ 25ቱንም መጨረስ በወረቀት ላይ ይቻላል፤ መብራት አንዴ ብቻ ስለሚቆም በልብስ ሲካፈልም ይረክሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ቡድን ግን አልመክረውም፤ ከሰዓት በኋላ ሞዴሏም አንሺውም ይደክማሉ፤ ስህተት ቢኖርም የሚታወቀው 25ቱ ልብስ ከተነሳ በኋላ ነው። በብዛት የሚሸጡትን 12 መርጠው ያንሱ፤ ውጤቱን አይተው ለቀሪው ሌላ ግማሽ ቀን ይያዙ። ልብሱ ሁሉ ከዋዜማው ተተኩሶ በመስቀያ ይምጣ፤ ታጥፎ የመጣ ሸማ ከጎን በሚመጣ ብርሃን እጥፋቱ ሁሉ ይቆጠራል።

ረዳቱን «ለምን እከፍልበታለሁ» ብለው እንዳይተዉት። የወንድምዎ ልጅ በሰው ፍላሽ ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ የመጀመሪያው ሰዓት ቁልፍ ፍለጋ ሆኖ ያልቃል። ከዚህም በላይ የካሜራውን ጉዳይ አስቀድሞ የሚያውቀው ረዳቱ ነው። ፍላሹን የሚያስነሳው ካሜራው ላይ የሚሰካው ትሪገር ለካኖን የተሠራ መሆን አለበት፤ የሶኒው በካኖን ላይ አይሠራም። እንደ 2000ዲ እና 4000ዲ ያሉ የጀማሪ ካኖን ካሜራዎች ደግሞ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ መካከለኛው ነጥብ ስለሌላቸው ብዙ የቆዩ ትሪገሮች አይታዘዙላቸውም። ይህን በኪራዩ ቀን ማወቅ ገንዘብ መጣል ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ካሜራውን ራሱን ይዘው ይሂዱና ፍላሹ ሲበራ በዓይንዎ ይዩ። ከ1/200 ሰከንድ በላይ አያፍጥኑ፤ ከዚያ ካለፈ በፎቶው ዳር ጥቁር ግርዶሽ ይመጣል።

በዚያው ጉብኝት ጀነሬተሩን ይጠይቁ፤ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ በስንት ደቂቃ እንደሚነሳ፣ ነዳጁ በማን ሒሳብ እንደሆነ፣ የባከነው ሰዓትም ይካካስ እንደሆነ። ካውያ ወይም የእንፋሎት መተኮሻ ከፍላሹ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ፤ ቆጣሪው ሊመልስ፣ ፍላሹም ሊጎዳ ይችላል። ሶፍት ቦክስ የተሸከመ ስታንድ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ካልተጫነበት ረጅም ቀሚስ ጠልፎ ይጥለዋል። በፍላሹ ውስጥ ለማሳያ የሚበራው አምፖል በጣም የሚግል ዓይነት ከሆነም ነጠላ አያስጠጉ።

ውሉ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። የሰዓቱ አቆጣጠር፣ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ፣ የረዳቱ ክፍያ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን ምን ያህል እንደሚጠየቅ ይስፈር። ስቱዲዮውን ሲረከቡ የእያንዳንዱን ዕቃ ሁኔታ በስልክዎ አንስተው ይያዙ። ቀብድን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል፤ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይጻፍ። የፎቶው የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ዘመድ ቢሆንም፣ ከወንድምዎ ልጅ ጋር ለንግድ እንደሚጠቀሙበት በአጭር ጽሑፍ ይስማሙ። ሞዴሏም የፈቃድ ወረቀት ትፈርም፤ ያለ ፈቃዷ ምስሏን ለሕዝብ ማሳየት በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የተከለከለ ነው፤ በውጭ አገር ለሚታይ ማስታወቂያ መሆኑም በወረቀቱ ላይ ይገለጽ።

ሁለተኛው ስቱዲዮ በፈለጉት ቀን ካልተገኘ ቀኑን ይለውጡ እንጂ ወደ መጀመሪያው አይመለሱ። በዕለቱም ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ላፕቶፕ ከፍተው የሦስት ልብሶችን ፎቶ በሙሉ መጠን አጉልተው ይመልከቱ፦ የታችኛው ጥለት ጠርቷል ወይ፣ ሸማው ላይ ክር ይታያል ወይ፣ አረንጓዴው ክር በእጅዎ ከያዙት ጋር ይመሳሰላል ወይ። ፎቶዎቹም በሁለት ቦታ ይገልበጡ። ረዳቱ የመጀመሪያውን ስታንድ ማጠፍ ያለበት ይህ ካለቀ በኋላ ነው።